የመንገድ ሐቅ፦ ዋናው ጎዳና በረመዳን ሰዓት የማን ነው?

ረመዳን ሲገባ የጎዳናው ሰዓት ይለወጣል። ጠዋት ረጋ ብሎ የዋለው መንገድ ከዐስር ሶላት በኋላ ይነቃል። የሳምቡሳው ዘይት በየደጁ ይጣዳል፤ ተምር የሚሸጠው ነጋዴ ሚዛኑን ወደ በሩ ያስጠጋል፤ እናቶች ለሾርባው የጎደለውን ሊገዙ ይወጣሉ፤ ልጆችም ይከተሏቸዋል። ሁሉም የመግሪብ አዛን ሳይደርስበት ቤቱ ለመግባት ይቸኩላል። በዚያው ሰዓት ባጃጁም፣ ሚኒባሱም፣ አይሱዙውም ይቸኩላል። ሹፌሩም ጾመኛ ሊሆን ይችላል፤ ጠምቶታል፣ ደክሞታል፣ ማፍጠሪያው ደርሶበታል።

አንድ ጎዳና ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ መሸከም ይችላል ወይ? በሌላው ዓለም ብዙ ከተሞች ዋና መንገዳቸውን ለእግረኛ ብቻ ትተዋል። በአገራችንም ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ደጋ ከተሞች ግን ምን ይበጃል? ነጋዴውንም፣ ሹፌሩንም፣ እግረኛውንም ሳይጎዳ የሚሆንበት መንገድ አለ ብለን እናምናለን።

ሁሉም የሚመጣበት መንገድ

መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ራቤል፣ ዓለም ከተማ፤ እንደ ብዙዎቹ የወረዳ ከተሞቻችን ሕይወታቸው የተያያዘው ከዋናው መንገድ ጋር ነው። ከታርማ በር ተገንጥሎ በሞላሌ በኩል መሐል ሜዳ የሚደርሰው መንገድ ዘይቱን፣ ስኳሩን፣ ዱቄቱን፣ ተምሩን ያመጣል። የመንዝ በግም ለበዓል ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው በመኪና ተጭኖ ነው። ወደ መርሐቤቴም ከሙከ ጡሪ በለሚ አድርጎ የጀማን ሸለቆ ወርዶ የሚወጣው መንገድ ዓለም ከተማን ከመሐል አገር ጋር ያገናኛል። እዚያ ባለው እናት ሆስፒታል ለመታከም ከየገጠሩ ሕመምተኛ ይመጣል። ስለዚህ «መንገዱ ይዘጋ» ማለት እንዲሁ ከአፍ የሚወጣ ቀላል ቃል አይደለም።

በሌላ በኩል ግን ወደነዚህ ገበያዎች ከሚመጣው ሰው ብዙው በእግሩ የሚመጣ፣ አህያውን ወይም በቅሎውን የሚነዳ ነው። ሱቁን የሚያሞቀው እሱ ነው። ለዚህ ሰው የተተወለት የመንገዱ ዳር አንዳንዴ ጠባብ ነው፤ አንዳንዴም ሸቀጥ ተዘርግቶበት፣ ባጃጅ ቆሞበት ይገኛል። ያኔ እግረኛው ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። ሰፋፊ ጎዳና ባላት በአዲስ አበባ እንኳ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው።

ከደጋው በታች ያሉት ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። የደሴው አውራ ጎዳና የሚያልፈው በከተሞቹ ውስጥ ነው፤ ተለዋጭ ማለፊያ ሳይኖር ይዘጋ ማለት አይቻልም። የደጋዎቹ ከተሞች ግን የአገር አቋራጭ መኪና ብዛት የለባቸውም። የሚያስጨንቃቸው በተወሰነ ቀንና በተወሰነ ሰዓት የሚመጣ ግርግር ነው። መፍትሔውም ሰዓት ያለው መሆን ይችላል።

ሰባት ክንድ

ይህ ጉዳይ ለሃይማኖታችን ባዕድ አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) መንገድ ላይ መቀመጥን አስመልክተው ባስተማሩት ሐዲስ፣ መቀመጥ የግድ ከሆነ ለመንገዱ ሐቁን ስጡት ብለዋል። ሐቁ ምን እንደሆነ ሲጠየቁ ከዘረዘሯቸው አንዱ ሰውን ከማስቸገር መቆጠብ ነው። ከመንገድ ላይ ጎጂ ነገር ማንሳትም ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ እንደሆነ፣ ሶደቃም እንደሆነ ተዘግቧል።

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሌላ ሐዲስ ደግሞ ለርዕሳችን ይበልጥ ይቀርባል። ሰዎች በመንገድ ስፋት ላይ ካልተስማሙ ስፋቱ ሰባት ክንድ ይሁን የሚል ነው። ሰባት ክንድ በእኛ ልኬት ከ3 ሜትር ጥቂት ይበልጣል። የመንገድ ጠብ ያኔም ነበረ ማለት ነው፤ የተፈታውም በጉልበት ሳይሆን በልክ ነው። ዑለማዎች ከዚህ የሚያወጡት ትምህርት ግልጽ ነው፦ ሕንፃ የሚሠራውም፣ የሚነግደውም፣ ጭነት የሚነዳውም አላፊውን ሰው የሚያስጨንቅ መሆን የለበትም። «መጉዳትም መጎዳዳትም የለም» የሚለው መርሕም እግረኛውን ለማዳን ሲባል ነጋዴው እንዲከስር አይፈቅድም።

የታየ ልምድ

በአዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» የተባለው መርሐ ግብር የተጀመረው ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም ነው። የተመረጡ ጎዳናዎች ለሰዓታት ለመኪና ተዘግተው ሕዝቡ ሮጦባቸዋል፣ ልጆች ተጫውተውባቸዋል። ቅርብ ዓመታት ደግሞ በመስቀል አደባባይና አካባቢው የተካሄደው ታላቁ የጎዳና ኢፍጣር ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ማዕድ ዙሪያ አስቀምጧል። በትንንሾቹ ከተሞቻችንም ቢሆን በጥምቀት ታቦት ሲወጣ፣ በዒድ ሶላት ሕዝቡ ሲተም መኪና ይቆማል። ማንም አይቀየምም፤ ሰዓቱ የታወቀ ነውና።

ሐረር ጀጎል ለብዙ መቶ ዓመታት በእግረኛ ልክ የኖረች ከተማ ናት። በግንቡ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ መተላለፊያዎች መኪና የማያስገቡ ጠባብ ናቸው፤ ንግዱ ግን አልሞተም። በሞሮኮ የፌዝ አሮጌ ከተማም ጭነት እስከ ዛሬ በበቅሎና በአህያ ይጓጓዛል። የኢስታንቡሉ ኢስቲቅላል ጎዳና ከእ.ኤ.አ. 1990 ጀምሮ ለእግረኛ ሆኗል፤ በመሐሉ አሮጌ ትራም ብቻ ይመላለሳል፤ ዛሬም ከከተማዋ የገበያ ጎዳናዎች ስመ ጥሩ ነው።

ነጋዴው የሚፈራው

ይሁን እንጂ ኢስታንቡል መሐል ሜዳ አይደለችም። የነጋዴው ፍርሃት መደመጥ አለበት። «መኪና ካልደረሰ ዕቃዬን ማን ያወርድልኛል? ኩንታሉን ጫኝና አውራጅ ከሩቅ ሲሸከመው ዋጋው በማን ላይ ይጨመራል?» ይላል። እውነቱን ነው። ነገር ግን ነጋዴው መኪና የሚፈልገው ዕቃ ለማራገፍ ነው፤ ደንበኛው የሚመጣው በእግሩ ነው። ማራገፊያው ጠዋት ከሆነና መንገዱ የሚዘጋው ከሰዓት በኋላ ከሆነ ሁለቱ ሳይጋጩ ያልፋሉ።

የባጃጅ ሹፌሩ ጉዳይ ይከብዳል። የዕለት ገቢው ያለችው በዚያችው ግርግር ሰዓት ነው። ተራው ከሚዘጋው መንገድ በሁለቱም ጫፍ በግልጽ ካልተሰጠው «ለእግረኛ ተባለ» ሲል የሚሰማው «ከእንጀራህ ተነሣ» ሆኖ ነው። አቅመ ደካማው፣ ነፍሰ ጡሯ፣ ከገጠር የመጣው ሕመምተኛም መድረሻ ይሻሉ። ለአምቡላንስ ደግሞ መንገዱ በየትኛውም ሰዓት ክፍት መሆን አለበት። ስለዚህ መዝጊያው ድንጋይና ግንድ ሳይሆን ወዲያው የሚነሣ ነገር፣ አጠገቡም የሚያነሣው ሰው ይሁን።

እንደ ጓሳው

መዝጋትና መክፈት ለመንዝ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። የጓሳ ሣር ለብዙ መቶ ዓመታት የተጠበቀው በመዝጋትና በመክፈት ነው። ባለመብቶቹ በመረጡት አለቃ እየተመሩ ምድሩን ለዓመታት ይዘጉታል፤ ሣሩ ሲደርስ በታወቀ ጊዜ ይከፍቱታል። ለቤት ክዳኑም፣ ለገመዱም፣ ለከብቱም የሚደርሰው በዚህ ነበር። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ የቀድሞው ሥርዓት ሲላላ ሣሩም ተጎዳ፤ በኋላ ማኅበረሰቡ እንደገና ተደራጅቶ ጥበቃውን ቀጥሏል።

ከዚህ የምንማረው፣ መዝጋት የሚጸናው የሚጎዳውም ሰው ምክሩ ላይ ሲቀመጥና የሚከፈትበት ጊዜ አስቀድሞ ሲታወቅ መሆኑን ነው። ለጎዳናም ይኸው ነው። የከተማው አስተዳደርና የትራፊክ ፖሊስ ነጋዴውን፣ የባጃጅ ማኅበሩን፣ ጉልት ቸርቻሪዎቹን፣ የመስጂድ ኮሚቴውንና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችን በአንድ ላይ ያስቀምጡ። ከገበያው እስከ መስጂዱ ያለችውን አጭር ክፍል ብቻ ይምረጡ። ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ተራዊሕ ማብቂያ ለእግረኛ ትሁን፤ ጭነት ጠዋት ይራገፍ። ሙከራው ለረመዳን ወር ብቻ ይሁን። ሲያበቃ አደጋው ቀነሰ ወይ? ሽያጩ ጨመረ ወይስ ጎደለ? የባጃጁ ገቢስ? ተብሎ በቁጥር ይታይ። ካልበጀ ይቅር፤ ከበጀ ለገበያ ቀንም ይዋል።

«የእስላሙ መንገድ» እንዳይባል

በደጋዎቹ እኛ ሙስሊሞች በቁጥር ጥቂት ነን። ጥያቄው በእኛ ስም ብቻ ከቀረበ «ለእነሱ ተብሎ ተዘጋ» የሚል ቅሬታ ሊያመጣ ይችላል፤ ለዘመናት አብሮን ከኖረው ጎረቤት ጋር በመንገድ ምክንያት መቀያየም አንፈልግም። እውነቱም የእኛ ብቻ አለመሆኑ ነው። በ2017 እና በ2018 ዓ.ም ረመዳንና ዐቢይ ጾም ገጥመዋል። ከቅዳሴ የሚወጣው ክርስቲያን ጾመኛና ለኢፍጣር የሚገዛው ሙስሊም የሚገናኙት በዚያችው ጎዳና ላይ ነው። የምንጠይቀው ለእግረኛ ነው፤ እግረኛ ደግሞ ሁላችንም ነን።

ከእኛስ?

አስተዳደሩ እስኪወስን መጠበቅ የማያሻቸው ነገሮች አሉ። ሳምቡሳ የምንጠብስ ምድጃችንን ከእግረኛው መሄጃ ፈቀቅ እናድርግ። ሱቅ ያለን ሸቀጡን ወደ ውስጥ እንሰብስብ። ለተራዊሕ የምንመጣ መኪናችንንና ሞተራችንን መስጂዱ በር ላይ አንደርድር። ለግዢ ልጅ ስንልክ አዛን ሊል ሲል ሳይሆን በጊዜ እንላክ። የምናሽከረክርም ተምርና ውኃ በመኪናችን እንያዝ፤ አዛኑ መንገድ ላይ ቢይዘን ዳር ይዘን እናፍጥር። ማፍጠርን ማፋጠን ሱና ነው፤ መኪናን ማፋጠን ግን ሱና አይደለም።

ሶደቃችንን በምናበዛበት በዚህ ወር ለሰው መንገድ መልቀቅም አንዱ ሶደቃ መሆኑን አንዘንጋ። አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ የወጣውንም በሰላም ወደ ማዕዱ ይመልስልን።