የማይታየውን ተማሪ ማስተማር

በክፍል ውስጥ የሚያስተምር መምህር የተማሪዎቹን ፊት እያየ ትምህርቱን ያቃናል። ግራ የተጋባ ተማሪ ሲያይ ያስረዳውን ይደግማል፤ የሚያንቀላፋውንም ጠይቆ ያነቃዋል። በኢንተርኔት የሚማር ተማሪ ግን ብዙ ጊዜ ትምህርቱን የሚከታተለው ብቻውን ነው። ሲቸገር የሚያይለት ስለሌለ፣ ተስፋ ቢቆርጥ በዝምታ ትምህርቱን ያቋርጣል። ስለዚህ የኢንተርኔት ትምህርት የሚያዘጋጅ አዲስ መምህር፣ ተማሪው የት ላይ ሊሰናከል እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብን መልመድ አለበት።

ይህ ችግር ከኢንተርኔት በፊትም የነበረ ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1969 ተመሥርቶ በ1971 ማስተማር የጀመረው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው በአመዛኙ በርቀት ነበር። በመሆኑም እያንዳንዱን ኮርስ የሚያዘጋጀው፣ የትምህርቱ ሊቃውንት፣ አርታዒዎችና የቢቢሲ ባለሙያዎች የሚገኙበት ቡድን ነበር። በመማሪያ ጽሑፉ መካከል ተማሪው ራሱን የሚፈትንባቸው ጥያቄዎች ይገቡ ነበር። በፖስታ የላከውም የቤት ሥራ ከነእርማቱና ከነማብራሪያው ይመለስለት ነበር።

ዛሬ የኢንተርኔት ኮርስ የሚያዘጋጅ መምህርም ከዚህ አሠራር ብዙ ይማራል። በመጀመሪያ ዓላማውን በግልጽ ይወስናል። ይኸውም «ተማሪው ክፍልፋይን ያውቃል» ከማለት ይልቅ «ታሕታቸው የተለያየ ሁለት ክፍልፋዮችን ይደምራል» ብሎ ይጽፋል። ቀጥሎ ተማሪው ይህን መቻሉ የሚታወቅበትን ፈተና ያዘጋጃል። ትምህርቱን የሚጽፈው ከዚያ በኋላ ነው።

ትምህርቱም በአጫጭር ክፍሎች ሊከፋፈል ይገባል። ኤድኤክስ በተባለው የኢንተርኔት ማስተማሪያ ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ጥናት፣ ተማሪዎች ከ6 ደቂቃ የማይበልጡ ቪዲዮዎችን ከረጃጅሞቹ ይልቅ በሚገባ እንደሚከታተሉ አሳይቷል። ከየክፍሉ በኋላ መልመጃ፣ ከመልመጃውም በኋላ ማብራሪያ ያስፈልጋል። ለምሳሌ ግማሽንና ሲሶን ደምሮ 2/5 የሚል መልስ የሰጠ ተማሪ «ተሳስተሃል» ቢባል ብቻ ብዙ አይጠቀምም። 2/5 ከግማሽ እንኳ እንደሚያንስ ቢያሳዩት ግን የስሕተቱን ምክንያት መመርመር ይጀምራል።

በመጨረሻም መምህሩ ኮርሱን ለብዙዎች ከማቅረቡ በፊት ለጥቂት ተማሪዎች ሰጥቶ ይሞክረዋል። የት ላይ እንደቆሙ፣ የትኛውን መመሪያ ደጋግመው እንዳነበቡ ልብ ብሎ ያያል። መብራትና መሥመር በሚቋረጥበት ቦታ ለሚኖሩትም በወረቀት ሊታተም የሚችል ጽሑፍ ያዘጋጃል። ኮምፒዩተር ትምህርቱን ወደ ሩቅ ቦታ ያደርሳል፤ ተማሪው እንዲረዳው የሚያደርገው ግን የመምህሩ ጥንቃቄ ነው።