«ሻይ ቅጠል እንላለን እንጂ ቅጠሉን አይቼው አላውቅም»
አጭር የቤተሰብ ጉዞ ወደ ውሽውሽ



አንድ ምሽት ከመግሪብ ሶላት በኋላ እንደ ልማዳችን ሻይ ከበን ተቀምጠን ሳለ ትንሹ ልጃችን «ሻይ ከየት ነው የሚመጣው?» ሲል ጠየቀ። እህቱ ፈጥና «ከሱቅ ነዋ!» አለችው። ሁላችንም ሳቅን። እናታችን ግን አልሳቁም።

«እኔም ከእሷ አልሻል። አርባ ዓመት አፈላሁ። ሻይ ቅጠል እንላለን እንጂ ቅጠሉን አይቼው አላውቅም። አባታችሁም አንድ ቀን አሳይሻለሁ እንዳሉኝ ወደ አኼራ ሄዱ» አሉ።

አባታችን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የጭነት መኪና ሾፌር ሆነው ወደ ካፋ ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ነበሩ። በተመለሱ ቁጥር የውሽውሽን ሻይ ይዘው ይመጣሉ፤ ስለ አረንጓዴው ኮረብታም ያወሩ ነበር። ቃላቸውን ለመፈጸም ግን ዕድሜ አልበቃቸውም። በዚያ ምሽት፣ ኢንሻአላህ፣ ቃሉን እኛ እንፈጽመዋለን ብለን ነየትን።

ያለፈው ጉዞ ያስተማረን

ኒያ ብቻውን ግን መንገድ አይመራም። ባለፈው ዓመት ልጆቹን ለማዝናናት ብለን ሁለት ቀን ውስጥ አምስት ቦታ ለማየት ተነሥተን ነበር። ጉዞ ሳይሆን ሩጫ ሆነ። የዐስር ሶላት በመኪና ውስጥ ሊያልፈን ለጥቂት ተረፍን። የእናታችን እግር አብጦ ሁለቱንም ሌሊት ሳይተኙ አነጉ። የተበደርነውንም ገንዘብ ከፍለን ለመጨረስ አራት ወር ፈጀብን። ልጆቹን ምን እንዳዩ ስንጠይቃቸው የሚያስታውሱት ምሳ የበላንበትን ቤት ብቻ ነበር።

ስለዚህ በዚህኛው ጊዜ ቤተሰቡን ሰብስበን ሹራ አደረግን። ሦስት ነገር ወሰንን፦ ጉዞው በሶላት ሰዓት ይመተራል፤ እርምጃችን በእናታችን እግር ልክ ይሆናል፤ ወጪው ደግሞ ከቆጠብነው አያልፍም። የምናየው አንድ ነገር ቢሆንም በደንብ እንየው ተባባልን።

መቼ እንሂድ?

የካፋ ምድር ዝናብ የማይለየው ነው። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ይዘንባል። ለመንገደኛ የሚመቸው ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወራት ነው። ለእኛ ለመምህራን የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት በዚሁ ጊዜ መዋሉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ረመዷን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደፊት ስለሚቀድም በእነዚህ ዓመታት ወደ የካቲትና ወደ ጥር እየገባ ነው። ቀን ከመቁረጣችን በፊት የሂጅራውን አቆጣጠር የምናየው ለዚህ ነው።

መንገዱና ማረፊያው

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በወሊሶና በወልቂጤ አልፎ የጊቤን ሸለቆ ይሻገራል። ከጅማ ቦንጋ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያልፋል፤ በመሐሉ የጎጀብ ወንዝ አለ። ውሽውሽ የምትገኘው ከቦንጋ ብዙም ሳይራቅ ወደ ሚዛን በሚወስደው መንገድ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን መጨረስ የሚችል ይኖራል። አዛውንት የያዘ ቤተሰብ ግን ባይሞክረው ይሻላል። እኛ ሐሙስ በማለዳ ወጥተን ጅማ እናድራለን። ዓርብ ጁሙዓን እዚያው ሰግደን ከሰዓት በኋላ ወደ ቦንጋ እንዘልቃለን። ቅዳሜ የውሽውሽ ነው። እሑድ ወደ ጅማ ተመልሰን በጂሬን የሚገኘውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ለልጆቹ እናሳያለን። አባ ጅፋር ዳግማዊ ጅማን ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የገዙ ናቸው። ሰኞ ወደ ቤት።

ከመነሣታችን በፊት የመንገዱን ሰላም በዚያ መሥመር ከሚመላለሱ ሾፌሮች እንጠይቃለን። በቀን ብቻ እንጓዛለን። መልሱ ካላማረን ቀኑን እናዘዋውራለን፤ የሻይ ኮረብታው የትም አይሄድም።

ስንቅና ሶላት

በመንገደኛነታችን አራት ረከዓ የሆኑትን ሶላቶች ወደ ሁለት ማሳጠር ተፈቅዶልናል። ሁለት ሶላቶችን በአንድ ጊዜ አጣምሮ ስለ መስገድና ስለ ቀናቱ ብዛት ግን መዝሀቦች ስለሚለያዩ ከመነሣታችሁ በፊት የሰፈራችሁን ዐሊም ጠይቁ። ጅማ ላይ የሙስሊም ምግብ ቤት ፍለጋ አያደክምም። ከጅማ ወዲያ ግን ጠይቆ መግባት ያስፈልጋል። ስለዚህ ጭኮ፣ ቆሎና ቋንጣ እንይዛለን። ውሽውሽ ከፍታዋ 1,900 ሜትር ገደማ ሲሆን ከአዲስ አበባ ዝቅ ብትልም ጠዋቷ ጭጋጋምና እርጥብ ነው። ሹራብ፣ የማያንሸራትት ጫማና የእናታችን የደም ግፊት መድኃኒት ከሁሉ በፊት ይታሰራሉ።

ምን እናያለን?

ሻይ ካልተገረዘ የሚረዝም ዛፍ ነው። ለለቀማ እንዲመች በወገብ ልክ እየተገረዘ ስለሚያዝ ነው ኮረብታው ምንጣፍ የሚመስለው። ለቃሚው ከጫፉ ሁለት ለጋ ቅጠልና አንድ እምቡጥ ብቻ ይቀነጥሳል። ለጋው መልሶ ሲያድግ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደገና ይለቀማል። ቅጠሉ በፋብሪካ ይጠወልጋል፣ ይፈጫል፣ አየር አግኝቶ እስኪጠቁር ይቆያል፣ ይደርቃል፣ በመጨረሻም በዓይነት ይበጠራል። አንድ ኪሎ ደረቅ ሻይ ለማግኘት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ለጋ ቅጠል ያስፈልጋል። ልጃችን ሒሳቡን ሠርቶ «እኛ የምንገዛው ሩብ ኪሎ ከአንድ ኪሎ ቅጠል በላይ ነው ማለት ነው» አለ። ያ ሁሉ በጣት እየተቀነጠሰ መሆኑን ስንነግረው ብርጭቆውን አየት አደረገ።

እርሻው የኩባንያ ንብረት ስለሆነ አስቀድሞ ማስፈቀድ ግድ ነው። ሥራ ላይ ያለን ሰው ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሣትም ነውር መሆኑን ለልጆቻችን ነግረናል።

ዕቅዱን ለእናታችን አንብበን ስንጨርስ የቀረ ነገር ካለ ጠየቅናቸው። ጥቂት አሰቡና «አለ እንጂ። ቅጠሉን ካየሁ በኋላ ከሚለቅሙት ሴቶች ጋር ቁጭ የምልበት ሰዓት ይኑረኝ። አርባ ዓመት የእጃቸውን ጠጥቼ አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ አላልኳቸውም» አሉ።

እኛ ሰዓትና ኪሎ ሜትር ስንቆጥር ይህን ረስተነው ነበር። የቅዳሜን ከሰዓት በኋላ ባዶ አድርገን ለእሳቸው ተውነው።

ውድ አንባቢያን፣ በእናንተስ ቤት ለወላጅ ተገብቶ ሳይፈጸም የቀረ ቃል ይኖር ይሆን? ሩቅ አገር ላይሆን ይችላል፤ ብዙ ገንዘብም ላይጠይቅ ይችላል። ጊዜው ሳያልፍ አስቡበት። አላህ ጉዟችንን የሰላም፣ ኒያችንንም ለእርሱ የጠራ ያድርግልን። አሚን።