እጁ ለምን አልተነሣም?

በኮምፒውተር የተሠራ የሰው ምስል ሲራመድ ቀኝ እጁ ደርቆ ከቀረ፣ መጀመሪያ የሚመረመረው የአጥንቶቹ ስም ነው።

የስሪዲ ምስል ሁለት ነገር ነው። ላዩ ቆዳ ነው፤ ነጥቦች የተያያዙበት መረብ። ውስጡ ባለሙያዎቹ ሪግ የሚሉት አጽም ነው። የሰው አካል 206 አጥንት አለው፤ እዚህ ግን ያን ያህል አያስፈልግም። ዩኒቲ የተባለው የጌም መሥሪያ ምስሉን ሰው ብሎ ለመቀበል ግድ የሚላቸው 15 ብቻ ናቸው። ቆዳው የትኛውን አጥንት ተከትሎ እንደሚታጠፍ የሚታወቀው በስም ነው። ብሌንደር በተባለው የስሪዲ መሥሪያ የክንድ ነጥቦች በአንድ ቡድን ይሰበሰቡና ቡድኑ በአጥንቱ ስም ይጠራል። ሁለቱ ስሞች ፊደል በፊደል ከገጠሙ ቆዳው ይከተላል፤ አንዲት ፊደል ከሳተች አጥንቱ ብቻውን ይነሣል፣ ቆዳው ባለበት ይቀራል። ማስጠንቀቂያ አትጠብቁ። ለፕሮግራሙ አጥንት የሌለው ቡድን መኖሩ ጥፋት አይደለም።

እንቅስቃሴውም እንዲሁ ነው። ዝግጁ እንቅስቃሴ ከሚገኝበት ከሚክሳሞ ድረ ገጽ የወረደ አረማመድ እያንዳንዱን አጥንት የሚያዘው ስሙን ጠርቶ ነው።

ጉዱ የሚመጣው በአማርኛ ስንሰይም ነው። አጽም ልበል ወይስ ዐፅም? አፅምና ዐጽምም አሉ። ለጆሮ አራቱም አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን አራት የማይተዋወቁ ስሞች። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ጸ 1338 ነው፣ ፀ 1340። ማሽኑ ድምፅ አይሰማም፣ ቁጥር ያነጻጽራል። ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ያለ የዕድር ጸሐፊ ተ/ሃይማኖት፣ ተክለሐይማኖት፣ ተክለ ኃይማኖት ቢባልለት አንዱን ሰው ያውቀዋል። ኮምፒውተሩ ሦስት ሰው ነው የሚያየው፤ በቃላቱ መካከል ያለችውን ባዶ ቦታ ሳይቀር ይቆጥራታል። ሊቃውንቱ ዐፅም ነው ትክክሉ ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ለሪግ ግን ክርክሩ አያስፈልግም፤ የፈለገው ይሁን፣ ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ይሁን።

ሰፈሩ የተሰየመባቸው ጻድቅ ራሳቸው ለሪግ ሠሪ ፈተና ናቸው። ገድላቸው ለጸሎት ቆመው ሳለ አንድ እግራቸው እንደ ተሰበረና ስድስት ክንፍ እንደ ተሰጣቸው ይተርካል፤ ጥር 24 የሚከበረውም ስባረ ዐፅማቸው ነው። ሥዕላቸውን በስሪዲ ላንቀሳቅስ ያለ ሰው በዝግጁው የሰው አጽም ውስጥ ክንፍ የሚባል አጥንት አያገኝም፤ ስድስቱንም ራሱ መሰየም አለበት። የተሰበረችውን እግር አጥንት ደግሞ መሰረዝ አይችልም። ከዩኒቲ 15 አጥንቶች ውስጥ ሁለቱም እግሮች ስላሉ አንዱ ከጎደለ ምስሉን እንደ ሰው አይቀበለውም። ስለዚህ አጥንቷ ትኑር፣ ቆዳ ግን አይያዝባት።

ክንፎቹን ሲሰይም ሌላ ወጥመድ አለ። ብሌንደር የግራውን ወደ ቀኝ የሚገለብጠው በስሙ ላይ የላቲን ኤል ወይም አር አይቶ ነው፤ ‹ግራ› እና ‹ቀኝ› ብንለው አይገባውም። ግራ ሲባልም የምስሉ ግራ እንጂ የተመልካቹ አይደለም፤ ጀማሪ ሁሉ እዚህ ይወድቃል። የአጥንት ስም ከ63 ባይት አይበልጥም፣ አንድ የግእዝ ሆሄ ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል፤ ከ21 ሆሄ በላይ አይገባም ማለት ነው። ‹የላይኛው ግራ ክንፍ ሁለተኛ አጥንት› ተብሎ ተንዛዝቶ የተሰየመው ለጥቂት ነው የሚገባው፤ ከዚያ ብዙ የረዘመ ስም መጨረሻው ተቆርጦ ይቀራል።

የተሳሳተ ስም አንዴ ከተሰራጨ ማረሙ ከስሕተቱ ሊብስ ይችላል። ድረ ገጾች ጎብኚው ከየት እንደ መጣ የሚያውቁበት ‹ሪፈረር› የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የኤችቲቲፒ ሰነድ ላይ አንድ አር ጎድሎት ታተመ። የዓለም ፕሮግራም ሁሉ በጎደለው ስም ስለተጻፈ ዛሬም ያው ነው። ምስላችሁን ወስደው ልብስና እንቅስቃሴ የሠሩለት ሰዎች ካሉ የአጥንቱን ስም ያረማችሁ ቀን የእነሱ ሥራ ይፈርሳል። የሚታረመው ፋይሉ ከእጅ ሳይወጣ ነው፤ በብሌንደር ኮንትሮልና ኤፍ2 አንድ ላይ ሲጫኑ የተመረጡትን ስሞች በአንድ ጊዜ መለወጥ ይቻላል።