«ዓለሙ» እና «አለሙ» ስንት ሰው ናቸው?

ለንግድ ድርጅት የመረጃ ቋት ወይም ዳታቤዝ ሲታሰብ፣ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «የትኛውን ሶፍትዌር እንግዛ?» የሚል ነው። እኛ ግን ውድ አንባብያን ለጊዜው ኮምፒዩተሩን ዘግተው ወረቀትና እርሳስ እንዲይዙ እንጋብዛለን። ይህ የወረቀት ሥራ ሎጂካዊ ንድፍ ይባላል።

ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶና ሚስማር የሚሸጥ አንድ የሕንፃ መሣሪያዎች መደብር እናስብ። ባለቤቱ ቀኑን፣ የደንበኛውን ስምና ስልክ፣ ዕቃውን፣ ብዛቱን፣ ዋጋውንና ቀሪውን ዱቤ በአንድ ትልቅ መዝገብ ይጽፋል። መዝገቡን እንዳለ ወደ ኮምፒዩተር ብንገለብጠው፣ አርባ ጊዜ የገዛ ደንበኛ ስልኩ አርባ ቦታ ይጻፋል። ስልኩን ሲቀይር ሠላሳ ዘጠኙ ታርሞ አንዱ ቢዘነጋ፣ መዝገቡ ከራሱ ጋር ይጣላል። ገና ያልተሸጠ ዕቃ ደግሞ የሚመዘገብበት ቦታ አያገኝም።

የአይቢኤም ተመራማሪ የነበረው ኤድጋር ኮድ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ መረጃን እርስ በርስ በሚዛመዱ ሰንጠረዦች የማደራጀትን ሐሳብ አቀረበ። በዚሁ መንገድ የመደብሩ መዝገብ ደንበኛ፣ ዕቃ፣ ሽያጭ እና የሽያጭ ዝርዝር በሚሉ አራት ሰንጠረዦች ይከፈላል፤ የደንበኛው ስልክም አንድ ቦታ ብቻ ይቀመጣል።

ሰንጠረዦቹን የሚያያይዛቸው ምን ይሁን? ስም እንዳንል፣ «ዓለሙ» እና «አለሙ» ለጆሯችን አንድ ቢሆኑም ለኮምፒዩተሩ ሁለት ናቸው። የዱቤው ገደብ 10,000 ብር ሆኖ ሳለ በሁለቱም አጻጻፍ 8,000 ብር ቢመዘገብ ኮምፒዩተሩ ዝም ይላል፤ ሰውየው ግን 16,000 ብር ተበድሯል። በአንጻሩ ስማቸው ከነአባታቸው የሚመሳሰል ሁለት ደንበኞች አንዱ የሌላውን ዕዳ ሊሸከም ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ደንበኛ መለያ ቁጥር እንሰጣለን። ቁጥሩም ብቻውን አይበቃም፤ አንዱ ሰው ሁለት ቁጥር እንዳይወስድ ምዝገባው ሲካሄድ ስልኩን ማመሳከር ያስፈልጋል።

ድግግሞሽን መጥላት የጀመረ ተማሪ «ዋጋው በዕቃ ሰንጠረዥ ስላለ ከሽያጭ ዝርዝር ይውጣ» ማለቱ አይቀርም። ያን ጊዜ ሲሚንቶ በተወደደ ቁጥር የአምናው ሽያጭም አብሮ ይወደዳል! የዛሬው ዋጋና በሽያጩ ዕለት የተከፈለው ዋጋ ሁለት የተለያዩ እውነታዎች ናቸውና ሁለቱም ይቀመጣሉ።

የቀኑም ነገር አለ። «ጳጉሜን 5» የሚል ደረሰኝ ሲመጣ፣ በአሥራ ሁለት ወር የተሠራ የቀን ዓምድ አይቀበለውም። ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር ተቀምጦ በየትኛው እንደሚነበብ መወሰን ያለበት የመጀመሪያው ሽያጭ ከመመዝገቡ በፊት ነው።