ሕፃናትን ከጥቃት መጠበቅ የገበሬ ማኅበር መሪዎችም ኃላፊነት ነው

በመተማ ወረዳ በሽንፋና በአካባቢው ማሽላ፣ ሰሊጥና ጥጥ በሰፊው ይመረታል። ለአረምና ለአጨዳ በየዓመቱ ከደጋው ከሚወርደው የጉልበት ሠራተኛ መካከል ዕድሜያቸው ገና ያልደረሰ ልጆችም ይገኙበታል። በተለይም ከወላጅ ርቀው ለሠራተኛው ምግብ የሚያበስሉና በመጠጥ ቤት የሚቀጠሩ ልጃገረዶች ለጥቃት የተጋለጡ ናቸው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግና በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ግን የጋብቻን ዕድሜ ለሴትም ለወንድም 18 ዓመት አድርገውታል።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም ከጋብቻ ውጭ ያለውን ጥቃት በጥብቅ ይቀጣል። ዕድሜዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነ ልጅ ጋር ግብረ ሥጋ የፈጸመ ሰው ከ3 እስከ 15 ዓመት፣ ልጅቱ 13 ዓመት ያልሞላት ከሆነች ደግሞ ከ13 እስከ 25 ዓመት በጽኑ እሥራት ይቀጣል። «ወዳ ነው» ወይም «ወላጆቿ ፈቅደዋል» ማለት ከቅጣት አያድንም። ጠልፎ ማግባትም ጠላፊውን ነፃ አያወጣውም።

ይሁን እንጂ ሕጉ በገጠር የሚሰናከለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ለሠርግ ሲባል በልጅቱ ዕድሜ ላይ ዓመት መጨመሩ ነው። ለዚህ መፍትሔው ምዝገባ ነው። ከ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ልደትና ጋብቻ በቀበሌ ይመዘገባሉ። የልደት ምስክር ወረቀት ለሌላት ልጅ የክትባት ካርዷን፣ የትምህርት ቤት መዝገቧንና በዚያው ዓመት የተወለዱ የጎረቤት ልጆችን ዕድሜ ማመሳከር ይቻላል።

ሁለተኛው፣ ጥቃቱን በካሣና በሽምግልና መሸፈን ነው። ሽምግልና ለድንበርና ለከብት ጠብ የሚበጅ የተከበረ ልማድ ነው። በሕፃን ላይ የተፈጸመን ወንጀል ግን እርቅ አይሽረውም፤ ደፋሪውም ካሣውን ከፍሎ ወደ ሌላዋ ልጅ ይሄዳል።

በመሆኑም ጥቃት መድረሱን የሰማ መሪ ሽማግሌ ሳይሰበስብ ጉዳዩን ለፖሊስ ማስታወቅ፣ ልጅቱም ልብሷን ሳታጥብ ጤና ጣቢያ እንድትደርስ ማድረግ ይገባዋል። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ብቻ ስለሆነ፣ በሽምግልና የሚባክነው ቀን የልጅቱን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ከአረም ወራት አስቀድሞም መሪዎች ከእርሻ ባለቤቶችና ከመጠጥ ቤት ባለቤቶች ጋር ተሰብስበው፣ ብቻቸውን የመጡ ልጆችን ማንነት እንዲመዘግቡና ማን እንደሚከታተላቸው እንዲወስኑ ያስፈልጋል።