ዊንችና ዝግ ተሳቢ

የሰው ልጅ ከጉልበቱ በላይ የሆነውን ሸክም ከቦታ ወደ ቦታ ለማዛወር ከጥንት ጀምሮ ሲደክም ኖሯል። በአገራችን ታሪክ ለዚህ ድካም ከሚጠቀሱት ምሳሌዎች አንዱ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው። በጋፋት የተሠራውና ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ይህ መድፍ፣ ዓፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ በተጓዙ ጊዜ በጋሪ ተጭኖ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በጠፍር እየጎተቱት ዳገቱን ወጣ፤ ቁልቁለቱን ወረደ። መንገድ በሌለበት መንገድ እየተጠረገለት ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። በዳገቱ ላይ ጎታቾቹ ለአንድ አፍታ ቢዝሉ ኖሮ፣ ጋሪው ወደ ኋላ ተንከባሎ ከበታቹ የሚገኘውን ሁሉ ይጨፈልቅ ነበር።

በአሁኑ ዘመን አንድ ሰው የተበላሸ መኪና ብቻውን ጎትቶ ተሳቢ ላይ ሊያወጣ ይችላል። ይህን ያስቻለው ዊንች የተባለው መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ ድካሙ ቀነሰ እንጂ አደጋው አልጠፋም። ስለዚህ የዊንችን አሠራርና አተካከል በሚገባ ማወቅ ያስፈልጋል።

የዊንች ምንነት

ዊንች ገመድ በከበሮ ላይ እየጠቀለለ ሸክምን የሚጎትት መሣሪያ ነው። በመኪና ተሳቢዎች ላይ የሚተከለው ዊንች አብዛኛውን ጊዜ በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ነው። ዋና ዋና ክፍሎቹም ሞተር፣ ጥርሳም ጎማዎች፣ ከበሮ፣ ፍሬንና በጫፉ መንጠቆ ያለው ገመድ ናቸው። ሞተሩ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ ጥርሳም ጎማዎቹ ፍጥነቱን ይቀንሱና በምትኩ ኃይሉን ያበዙታል። ከበሮው በዝግታ፣ ነገር ግን በብርቱ ኃይል የሚዞረው በዚህ ምክንያት ነው። ፍሬኑ ደግሞ ሞተሩ ሲቆም ሸክሙ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይይዛል።

ዝግ ተሳቢ የሚያስፈልግበት ምክንያት

ቡሪ በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም፣ በጥቁር ዓባይ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኝ ሰፈር ነው። ከጣና አካባቢ ተነሥቶ የኢትዮጵያን ተራሮች ሰንጥቆ የሚወርደው ወንዝ፣ ከነጭ ዓባይ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት በቡሪ አጠገብ ያልፋል። በዚያ አገር በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። ሃቡብ የተባለው የአቧራ ማዕበል ሲነሣም ቀኑ ይጨልማል፤ ደቃቁ አሸዋ በቀዳዳ ሁሉ ይገባል። በእንዲህ ያለ ቦታ ሞተሩ የተፈታ መኪና በክፍት ተሳቢ ቢጓዝ አሸዋ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብቶ ያበላሸዋል። ዝግ ተሳቢ ግን ግድግዳና ጣሪያ ስላለው መኪናውን ከአሸዋም ከፀሐይም ይጠብቀዋል።

በሌላ በኩል ዝግ ተሳቢ ጠባብ ነው። መኪናው የሚነሣ ቢሆን እንኳ ነጂው ወደ ውስጥ ነድቶ ካስገባ በኋላ በሩን ከፍቶ ለመውጣት ይቸገራል። የማይነሣ ከሆነ ደግሞ ሰዎች ከኋላ ሆነው ዳገቱን መግፋት ይኖርባቸዋል፤ ይህም አደገኛ ነው። ዊንቹ የሚተከለው ይህን ችግር ለማስወገድ ነው።

የዊንቹን ኃይል መምረጥ

ዊንች ከመግዛት በፊት ምን ያህል ኃይል እንደሚያስፈልግ ማስላት ይገባል። ለምሳሌ 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ወለሉ ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ወዳለ ተሳቢ ይወጣል እንበል። የመወጣጫው ርዝመት 2.5 ሜትር ቢሆን፣ ከፍታው የርዝመቱ አንድ አምስተኛ ነው። ስለዚህ ዊንቹ የክብደቱን አንድ አምስተኛ፣ ማለትም 300 ኪሎ ግራም ያህል መሳብ አለበት። የመወጣጫው ርዝመት ወደ 1.5 ሜትር ቢያጥር ግን ይህ ቁጥር 500 ይሆናል። ከዚህ የምንረዳው መወጣጫው በረዘመ መጠን ሥራው እየቀለለ መሄዱን ነው።

ይህ ስሌት ጎማዎቹ በነፃ ለሚሽከረከሩ መኪና ነው። ጎማው የተነፈሰ ወይም ፍሬኑ የያዘ መኪና ከዚህ የበለጠ ኃይል ይጠይቃል። በዚህም የተነሣ የዊንቹ አቅም የመኪናውን ክብደት አንድ ጊዜ ተኩል ያህል እንዲሆን ይመከራል። በምሳሌው መሠረት 2,250 ኪሎ ግራም ማለት ነው። በዊንቹ ላይ የተጻፈው አቅም የሚሠራው ገመዱ በከበሮው ላይ አንድ ድርብ ብቻ ሲሆን እንደሆነም መዘንጋት የለበትም። ገመዱ በተደራረበ ቁጥር የከበሮው ውፍረት ይጨምራል፤ የመሳብ ኃይሉም ይቀንሳል።

ኃይል ሲያንስ መዘውር መጠቀም ይቻላል። ገመዱ መኪናው ላይ በታሰረው መዘውር ዞሮ ጫፉ ከተሳቢው ጋር ሲታሰር የመሳብ ኃይሉ እጥፍ ያህል ይሆናል፤ ፍጥነቱ ግን በግማሽ ይቀንሳል። በጉልበት የተተረፈው በርቀት ይከፈላል።

የዊንቹ አተካከል

ዊንቹን ለመትከል በመጀመሪያ መኪናው በተሳቢው ውስጥ የሚያርፍበትን ቦታ ለክቶ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከመቶ 10 እስከ 15 ያህሉ በመጎተቻው መንጠቆ ላይ ማረፍ አለበት። ሸክሙ ወደ ኋላ ካደላ ተሳቢው በፍጥነት ሲጓዝ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፤ ጎታቹን መኪና ጭምር ሊገለብጥ ይችላል። ከካርቱም በገዳሪፍና በመተማ በኩል ወደ ጎንደር የሚመጣ ሰው ከ380 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ ከ2,100 ሜትር በላይ መውጣት ይኖርበታል። በእንዲህ ያለ ረዥም መንገድ የሸክም አቀማመጥ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ቀጥሎ ዊንቹ በተሳቢው የፊት ክፍል፣ በስፋቱ ልክ መካከል ላይ ይቀመጣል። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ መኪናውን አጣሞ ይስበዋል፤ ገመዱም በከበሮው አንድ ወገን ብቻ ይከማቻል። ዊንቹ በወለሉ ሳንቃ ላይ ብቻ መታሰር የለበትም፤ ሳንቃው ተገንጥሎ ሊወጣ ይችላልና። ወፍራም የብረት ሳህን ከተሳቢው የብረት አግዳሚዎች ጋር ይበየዳል ወይም በጠንካራ ቡሎን ይታሰራል፤ ዊንቹም በዚያ ላይ ይጠብቃል። ዳዶዎቹ በመንገድ ንዝረት እንዳይላሉ መቆለፊያ ሮንዴላ ይደረግላቸዋል።

ባትሪና የኤሌክትሪክ ገመድ

ዊንች ብዙ ኤሌክትሪክ ይወስዳል። አንድ ዊንች በ12 ቮልት 200 አምፔር ቢስብ ኃይሉ 2,400 ዋት ነው፤ ይህም 100 ዋት የሆኑ 24 አምፖሎችን ያበራል። ይህን ያህል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ሽቦ ቀጭን ከሆነ ይግላል፤ ልባሱም ይቀልጣል። የሽቦው ጠቅላላ ተቃውሞ አንድ መቶኛ ኦም ብቻ ቢሆን እንኳ 2 ቮልት በመንገድ ይጠፋል፤ 400 ዋትም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ስለሆነም ባትሪው በዊንቹ አጠገብ ይቀመጣል፤ ሽቦውም ወፍራምና አጭር መዳብ ይሆናል። በባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አቅራቢያ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ከመጠን ሲያልፍ የሚያቋርጥ መከላከያ ይገባል።

የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን የተባለ ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ በአየር ውስጥ ከመቶ አራት ያህል ሲደርስ በአንዲት ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። በዝግ ተሳቢ ውስጥ ጋዙ መውጫ ስለሌለው ይከማቻል። ስለዚህ ባትሪው ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ ሆኖ ከሣጥኑ አናት ወደ ውጭ የሚያስተነፍስ ቱቦ ይደረግለታል። እንደ ቡሪ ባለ ሞቃት አገር የባትሪው ውኃ ቶሎ ስለሚተን መጠኑን ዘወትር መመልከት ያሻል።

አጫጫንና ጥንቃቄ

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተሳቢው ከጎታቹ መኪና ጋር ይያያዛል፤ የሁለቱም ጎማዎች በታኮ ይደገፋሉ። የሚጫነው መኪና ማርሹ ፎሌ ይደረጋል፤ የእጅ ፍሬኑም ይለቀቃል። መንጠቆው የሚያያዘው ለመጎተቻ በተሠራው ቀለበት ላይ ነው እንጂ በመሪ ዘንግ ወይም በመከላከያ ብረት ላይ አይደለም። ገመዱ ሲወጣ ቢያንስ አምስት ዙር በከበሮው ላይ መቅረት ይኖርበታል፤ አለዚያ ጫፉ ተመንቅሎ ይወጣል።

ሥራውን የሚመራው ሰው ጓንት ያጠልቃል፤ መቆጣጠሪያውን ይዞም ከገመዱ መስመር ውጭ ይቆማል። የተወጠረ የብረት ገመድ ቢበጠስ እንደ ጅራፍ ተወርውሮ ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ በገመዱ አጠገብ፣ ከመኪናው ኋላም ሆነ በመኪናውና በዊንቹ መካከል ማንም ሰው እንዲቆም አይፈቀድም። በተለይ ሕፃናት ለማየት እንዳይጠጉ መከልከል ይገባል።

መኪናው ቦታውን ከያዘ በኋላ ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። የእጅ ፍሬኑ ይያዛል፤ መኪናውም በአራቱም ማዕዘን በጠንካራ ማሰሪያ ከወለሉ ጋር ይታሰራል። ዊንች የሚስብ እንጂ የሚያስር መሣሪያ አይደለም፤ የመንገድ መንገጫገጭ ፍሬኑን ሊያላላ፣ ገመዱንም ሊበጥስ ይችላል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ እጅግ ብዙ ሰዎች፣ በከተማዋ ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ጭምር፣ ቤት ንብረታቸውን ትተው ተሰደዋል። ለብዙ ሠራተኛ መኪና የዓመታት ላቡ ውጤትና የቤተሰቡ እንጀራ ነው። እንዲህ ያለውን ንብረት በደኅና ከስፍራው ማድረስ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ ከንብረቱ በፊት የሚጭነው ሰው ሕይወት ይቀድማል። የሴባስቶፖልን ጋሪ የጎተቱት ሰዎች ጉልበታቸውን አስተባብረው እንደ ሠሩ ሁሉ፣ ዊንች የያዘ ሰውም ዕውቀቱንና ጥንቃቄውን አስተባብሮ መሥራት አለበት። መሣሪያው ጉልበቱን ይተካለታል፤ ማስተዋሉን ግን አይተካለትም።