የተራቆተ መሬት አገገመ የሚባለው መቼ ነው?

በሶማሌ ክልል፣ ከካራማራ ተራራ ግርጌ አንሥቶ እስከ ሐውድ ሜዳ ድረስ የሚነሣ የቆየ ጥያቄ አለ፦ ሰው ቆፍሮት ወይም ሰፍሮበት የለቀቀው መሬት ሣሩ ተመልሶ ይበቅላል ወይ? መመለሱንስ ማን፣ በምን ይለካዋል? ጥያቄው ከድንጋይ ካባና ገረገንቲ ከወጣበት ጉድጓድ አልፎ የቀድሞ የስደተኞች መጠለያዎችንም ይነካል።

በአካባቢው ትልቁ ምሳሌ ሀርትሼክ ነው። በግንቦት 1980 ዓ.ም. የሰሜን ሶማሊያ ጦርነት ሲፋፋም የሐርጌሳና የቡርዖ ነዋሪ ድንበር ተሻግሮ ሸሸ። ከጅግጅጋ በስተ ምሥራቅ የተቋቋመው የሀርትሼክ ጣቢያ ከ200 ሺህ በላይ ሰው አስጠልሎ በዘመኑ ከዓለም ትልቁ የስደተኞች መጠለያ ተብሎ ነበር። ያን ያህል ሕዝብ ደረቅ በሆነ የግጦሽ አገር ሲሰፍር ለማገዶና ለጎጆ ዛፍ መቆረጡ፣ ሣሩም ተረግጦ ማለቁ አይቀርም። ጣቢያው በ1996 ዓ.ም. ሲዘጋ ሰው ወደ አገሩ ተመለሰ፤ መሬቱ ግን ቀረ።

ለካባው ሕግ አለ። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለፈቃዱ በአካባቢ ላይ ያደረሰውን ጉዳት መልሶ ለማልማት ገንዘብ እንዲመድብ ያዛል። ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች የግንባታ ማዕድን ፈቃድ የሚሰጡት በአብዛኛው ክልሎች ስለሆኑ ቁጥጥሩም በቅርብ ያለ ሥራ ነው። ችግሩ ያለው ጉድጓዱ ተደፍኖ ችግኝ ከተተከለ በኋላ ነው፤ ያኔ የሚቆጠረው ብዙ ጊዜ የተተከለው እንጂ የጸደቀው አይደለም።

ከሰማይ ማየት ይረዳል። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የላንድሳት ሳተላይቶች ምድርን ፎቶ ያነሣሉ፤ ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሴንቲኔል-2 በ10 ሜትር ጥራት ያሳያል። ለምለም ቅጠል ቀዩን ብርሃን ውጦ ለዓይን የማይታየውን ታሕተ ቀይ ጨረር ስለሚመልስ የሁለቱ ልዩነት የልምላሜ መለኪያ ይሆናል። ነገር ግን ጉ የሚባለው ዋናው የዝናብ ወቅት ጥሩ በሆነበት ዓመት የተራቆተውም መሬት ይለመልማል። ስለዚህ ንጽጽሩ ሳይነካ ከቆየ ጎረቤት መሬት ጋር፣ በተመሳሳይ ወቅት መሆን አለበት።

ይህ የልምላሜ መለኪያ የማይለየው ሌላም ነገር አለ፤ ፓርቲኒየም የተባለው አረም። በኢትዮጵያ መኖሩ መጀመሪያ የተዘገበው በ1980 ዓ.ም. በድሬዳዋና በሐረርጌ ሲሆን፣ የገባው በ1969–70ው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ተሽከርካሪዎች ወይም ከእርዳታ እህል ጋር ነው ተብሎ ይገመታል። አንድ ተክል እስከ 15 ሺህና ከዚያ በላይ ዘር ይበትናል፤ የተገለጠ አፈር ሲያገኝ ሣሩን ቀድሞ ይይዘዋል። ከብት ይሸሸዋል፤ ርቦት ከበላው ደግሞ ወተቱ ይመርራል፣ ሥጋውም ጣዕሙን ያጣል። ከሰማይ ሲታይ ግን ያገገመ መሬት ይመስላል።

ስለዚህ ወደ መሬት መውረድ ግድ ነው። በቋሚ ምልክት የተለዩ ትንንሽ ቦታዎች ተመርጠው በየዓመቱ በዚያው ወቅት ምን ዓይነት ሣር እንደበቀለ፣ ምን ያህል አፈር ባዶ እንደቀረ፣ አረም ገብቶ እንደሆነ ይመዘገባል፤ ከዚያው ቦታ ሆኖ ፎቶ ይነሣል። ከሁሉ በላይ አርብቶ አደሩ ይጠየቅ። የትኛውን ሣር ከብትና በግ እንደሚመርጥ፣ የትኛው ዛፍ ለግመልና ለፍየል እንደሚሆን፣ ከመራቆቱ በፊት በቦታው ምን ይበቅል እንደነበር ሽማግሌዎች ያውቃሉ።

መለኪያው ጥብቅ ሊሆን ይገባል። የቋሚ ሣር ዝርያዎች ተመልሰው፣ ከአንድ በላይ ጅላል (ረጅሙን ደረቅ ወቅት) ተቋቁመው፣ ከብት የሚግጣቸው መሆናቸው እስኪረጋገጥ ድረስ መሬቱ አገግሟል መባል የለበትም፤ ባለፈቃዱም ከኃላፊነቱ ነጻ ሊሆን አይገባም። ለመጠለያ መሬት ባለፈቃድ ስለሌለ ኃላፊነቱን መንግሥትና ረጂዎች ይጋሩት። አርብቶ አደሩ ግጦሹን ለእንግዳ ሲሰጥ ውለታ ውሏል፤ ውለታውም የሚመለሰው ለመንጋው በሚሆን ሣር ነው።